ፊ ሲላላ

ረቡዕ ጠዋት አንድ የዶዘር ሹፌር የጫማውን ጭቃ ደረጃው ላይ እያራገፈ ወደ ስም ክፍል ወረደ። ስም ክፍል ያለው በካርታ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ካልሆነ በቀር ማንም ዝር አይልበትም። አርባ አራት የእንጨት መሳቢያዎች አሉት። በመሳቢያዎቹ ውስጥ የየኮረብታው፣ የየጅረቱና የየማሳው ስም በየካርዱ ተጽፎ በፊደል ተራ ተደርድሯል። ከነዚህ መሳቢያዎች ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችው ሴትዮ እትዬ ካርድ ትባላለች። በእውነተኛ ስሟ ይጠራት የነበረው የመጨረሻው ባልደረባዋ ጡረታ ከወጣ ሰንብቷል።

«እናት፣ ስም የሚጣራው እዚህ ነው?» አለ ሹፌሩ።

«የማን ስም?»

«የጉብታ።»

እትዬ ካርድ ወዲያው ወደደችው። ወንበር ሳበችለት። እሱም ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ይኸው፣ ትእዛዙ ‹ሰፊዎቹ የተባሉትን ሰባት ጉብታዎች ደልድል› ይላል። መጋዘን ሊሠራበት ነው። ትናንት ማሽኔን ይዤ ሄድኩ። የሰፈሩ ሰዎች ከበቡኝና ‹ተሳስተሃል፣ እዚህ ሰፊዎቹ የሚባል ነገር የለም› አሉኝ። ታዲያ እነዚህ ምንድን ናቸው ብላቸው ‹እነሱማ ሰፊዎቹ ናቸው› አይሉኝም! እኔ የማላውቀውን ጉብታ ንጄ በኋላ ፍርድ ቤት መመላለስ አልፈልግም።»

እንዲህ ወረቀት ላይ ሲታይ ሹፌሩ ፀሐይ የመታው ሰው ይመስላል። ሁለቱም ቃል አንድ ነው፤ ሰ፣ ፊ፣ ዎ፣ ቹ። ጆሮ ላለው ሰው ግን አንድ አልነበረም። የትእዛዙን ስም ሲያነብ ፊን አጠበቃት፤ ስፋት ያላቸው ማለቱ ነው። የሰዎቹን ሲናገር ፊን አላላት፤ በመርፌና በክር የሚሰፉት፣ ልብስ ሰፊዎቹ ማለቱ ነው። ፊደላችን ስንት ነገር ሲያሟላ፣ የጠበቀውን ከላላው የምንለይበት ምልክት በዕለት ተዕለት ጽሑፋችን ውስጥ የለም። ክፍተቱን አንባቢው በልማድ ይሞላዋል፤ አንዳንዴም በስንፍና።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

«የቱን?»

«የሰዎቹን።»

ደገመው። እትዬ ካርድ ክው አለች። ተነሥታ የ‹ሰ›ን መሳቢያ ሳበችና ካርዱን በሁለት ጣት አወጣችው። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ቢጫ ሆኗል። የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው፤ ሥራ በጀመረችበት ዓመት የነበራት፣ ክብ ክብ የሚለው የጎበዝ ተማሪ ጽሑፍ። «ስም፦ ሰፊዎቹ። ዓይነት፦ ሰባት ጉብታዎች። ትርጉም፦ ስፋታቸውን ያመለክታል።»

ነገሩ ትዝ አላት። ያን ጊዜ ጆሮ የሚሉት ስም ሰብሳቢ ነበረ። ቴፕ ተሸክሞ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሽማግሌና አሮጊት ያናግር ነበር። ሲመለስ ካሴቶቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ይከታል፤ ማስታወሻ ደብተሩን ደግሞ ለእሷ ይሰጣታል። ብዙም ሳይቆይ የቴፑ የጎማ ቀበቶ ስለተበጠሰ ካሴት የሚሰማ ሰው አልነበረም። ካርዱ የሚሞላው ከደብተሩ ነው። ጆሮ ከስሙ አጠገብ ምንም አልጻፈም ነበር። የጊዜው አለቃ ደግሞ ባዶ ቦታ ካየ ዓይኑ ደም ይለብሳል፤ «ትርጉም የሚለው ባዶ አይተውም» ማለት የጠዋት ሰላምታው ነበር። እሷም ጉብታዎቹ ሰፋፊ እንደሆኑ ስለሰማች ሞላችው። ከዚያ ወጥታ ምሳዋን በላች።

«አንድ ነገር ልጨምርልዎት» አለ ሹፌሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአንዱን ጥግ ትንሽ ጫር አድርጌው ነበር። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ አንዱ ካንዱ ጎን ተያይዞ ዙሪያውን ይሄዳል። አሥራ አራት ዓመት አፈር ስገፋ ነው የኖርኩት። በራሱ የተከመረ ጉብታ ድንጋዩን እንደ ግንበኛ አያሰልፍም። እኔን ከጠየቁኝ እዚያ ውስጥ ሰው ተቀብሯል።»

«መቼ ነው የምትጀምረው?»

«ሰኞ ጠዋት። የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው ብለውኛል።»

እውነቱን ነበር። የስም ማረጋገጫው ቅጽ ከትናንት ጀምሮ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል፤ እሷም እንደ ሁልጊዜው ዓርብ ልትፈርመው አቆይታዋለች።

ሹፌሩ ሲሄድ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረደች። የጥንት ነገር የሚያጠናው ዶክተር የጻፈው ነው። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ እንዲህ ይላል፦ «የአካባቢው ሕዝብ ሰፊዎቹ ሲል የሚጠራቸው በቅርጻቸው ብቻ ነው፤ ስማቸው ራሱ የተፈጥሮ ጉብታ መሆናቸውን ይመሰክራል።» ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የካርዷ ቁጥር ተጠቅሷል። ቃሉ ከመጽሐፉ ወደ ቅርስ ኮሚቴው ሪፖርት፣ ከሪፖርቱ ወደ መጋዘኑ ፈቃድ ተላልፏል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ እዚያ ዶማ ያላነሳው ለዚህ ነው። ስሙ ነግሯቸዋላ! ስሙን ደግሞ የነገረቻቸው እሷ ናት።

ተናደደች። መጀመሪያ በራሷ፣ ቀጥሎ በመጽሐፉ፣ ከዚያ ሞቶ በሄደው አለቃ ተናደደች፤ ወደ ቤቷ የሚወስደው አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስም የምትናደድበት ሰው አላጣችም።

ቤታቸው ምድሩ ሱቅ፣ ፎቁ መኝታ ነው። ሱቁ የታናሽ እህቷ ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። በሩ ላይ «የልብስ ሰፊ ቤት» የሚል ሰሌዳ ነበር። ዝናብ «የልብስ» የሚለውን አጥቦ ከወሰደው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በየወሩ ቢያንስ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ «ሰፊ ቤት የሚከራየው እዚህ ነው? ስንት ክፍል አለው?» ይላል። እህቷም «ሁለት ክፍል፤ አንዱን ክር ሞልቶታል» ትለዋለች። ቀለም አስቀቢው ስትባል እምቢ አለች። ቤት ፍለጋ ከሚመጡት ግማሾቹ ሱሪያቸውን አሳጥረው እንደሚሄዱ ታውቃለች።

የዚያን ቀን እትዬ ካርድ ሰሌዳው ሥር ቆመች። ዘጠኝ ዓመት በሥሩ ወጥታ ገብታለች። ዘጠኝ ዓመት በሰዎቹ ስህተት ስቃለች።

ገብታ ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ መቀሱ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። የታላቅ እህቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች።

«እትዬ፣ አንድ ፊ እኮ ናት» አለች።

«በአንድ ፊ ሰባት መቃብር ሊታረስ ነው።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ገና አላወቅሁም። ዝም ግን አልልም።»

ሐሙስ ምሳ እንኳ አልበላችም። የጉብታዎቹን ካርታ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ በዙሪያቸው ያለውን ስም ሁሉ ከየመሳቢያው ለቀመች። ከ‹መ› መሳቢያ መርፌ የሚባል ጅረት ወጣ፤ ትርጉም፣ «ቅጥነቱን ያመለክታል።» ከ‹ቀ› ቋጠሮ የሚባል ኮረብታ፤ «የመንገዶች መገናኛ በመሆኑ።» ከ‹ከ› ክር መበጠሻ የሚባል የገደል ጠርዝ፤ «መሬቱ ድንገት ስለሚያልቅ።» ሁሉም በእሷ እጅ የተጻፉ ናቸው። እያንዳንዱ ትርጉም ለብቻው ሲያዩት ምንም አይልም፣ ያሳምናል። ካርዶቹን ካርታው ላይ በየቦታቸው ስታስቀምጣቸው ግን መርፌው፣ ክሩና ቋጠሮው ሰባቱን ጉብታዎች ከበው ተቀመጡ። መሬቱ ላይ ጎረቤት የሆኑትን ስሞች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በፊደል ተራ ስትለያያቸው የኖረችው ራሷ ናት። ሥራዬን በደንብ ሠራሁ ስትል ነበር ያራራቀቻቸው።

ካሴቱን ያገኘችው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ጆሮ በላዩ ላይ «ጉብታዎቹ፣ አሮጊቷ» ብሎ ጽፎበታል። ቴፑንም ከነአቧራው ታቅፋ ቤቷ ወሰደችው። እህቷ ከኋላ ከፈተችውና የተበጠሰውን ቀበቶ አየት አድርጋ፣ «ይቺ ናት ሃያ ሁለት ዓመት ያስቆመቻችሁ?» አለች። ከመሳቢያዋ የቀሚስ ወገብ ላይ የሚገባ ላስቲክ አወጣች፣ ለካች፣ ቆረጠች፣ ጫፍና ጫፉን በሦስት ስፌት ያዘችው። ቴፑ ትንሽ አንቋርሮ ዞረ።

መጀመሪያ ዶሮ ተሰማ። ከዚያ ጆሮ «እነዚያስ ምን ይባላሉ እማማ?» አለ። አንዲት አሮጊት መለሰች፤ ፊዋ ላልታ፣ ለስልሳ ወጣች።

«ምን ሰፍተው ነው እንደዚህ የተባሉት?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! እናቴ እንዲህ ስትል ሰማሁ፣ እናቷም እንዲሁ። ‹ተኝተዋል፣ ጀርባቸው ላይ አትሩጡ› ትለን ነበር። ያላወቅሁትን አውቃለሁ አልልህም። ሰዎች ናቸው፣ ይኸው ነው። ጻፍ።»

ጆሮ የአሮጊቷን ቃል አክብሮ ትርጉሙን ባዶ ትቶታል። ባዶውን የሞላችው እትዬ ካርድ ናት። ካሴቱ አልቆ ጠቅ አለ። እትዬ ካርድ አለቀሰች፤ አፍራ ነው ያለቀሰችው። ሴትዮዋ «ጻፍ» ብላ ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ማኅተም ይባላል፤ ማኅተም መምታት ስለሚወድ የምሳ ዝርዝር ቢሰጡት ይመታበታል። ሥራ ሲጀምር ካርድ አሞላል ያስተማረችው እሷ ናት። ከጎኑ መጽሐፉን የጻፈው ዶክተር እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ሁለቱም ካሴቱን ሰሙ፣ ካርዶቹንም አዩ። ዶክተሩ ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ስም እኮ ማስረጃ አይሆንም። ሕዝብ ያየውን በወደደው ይሰይማል። ምናልባት አንድ ልብስ ሰፊ ደክሞት አረፍ ብሎበት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። «ልብስ ሰፊዎች ላይሆኑም ይችላሉ። ስሙ ከነሱ ሺህ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ አሮጊቷም አላውቅም ብላለች። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። መጽሐፍዎ ላይ ‹ስማቸው ራሱ ይመሰክራል› ብለዋል። ሲጠብቅ ማስረጃ፣ ሲላላ ተረት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?»

ዶክተሩ ያጣመረውን እግር አወረደ።

«እትዬ ካርድ» አለ ማኅተም በልመና ድምፅ፣ «ነገሩ አልቋል እኮ። ፈቃዱ ወጥቷል፣ ማሽኑ ቆሟል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ደግሞ ይቺን ይዩ።» መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፖስታ አሳያት። የክፍል ኃላፊ የሚያደርጋት ደብዳቤ ነበር፤ ለዓመታት የጠበቀችው። «ሰኞ እሰጥዎታለሁ።»

«አልፈርምም።»

«ሌላ ሰው አስፈርማለሁ።»

«ያስፈርሙ። ካርዱን ግን ሌላ ሰው አልጻፈውም።»

ከቦርሳዋ አንድ ቅጽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የካርድ ደንቡ መጨረሻ ላይ ማንም የማያነበው አንድ አንቀጽ አለ፦ ካርዱን የጻፈው ሰው ራሱ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ከፈረመ፣ ስሙን የጠቀሰ ሥራ ሁሉ ለዘጠና ቀን ይቆማል፤ ጉዳዩም በቦታው ይጣራል። ደንቡ ከወጣ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ አልተጠቀመበትም። በዚያ መሥሪያ ቤት ስህተት ሁሉ የታይፕ ነው። ቅጹ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ፣ በክብ ክብ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይነበባል፦ «ሳልሰማ ጻፍኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ማኅተም ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ እኮ ፋይልዎ ውስጥ ይገባል! ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አንድ እንከን ሠርተው!»

«እንከኑማ ነበረ። ያላየነው እኛ ነን።»

«ደብዳቤውም ይቀራል።»

«ይቅር።»

«ቆይ፣ የተስተካከለውስ ምኑ ነው?» አለ፣ አሮጌውን ካርድና ቅጹን ጎን ለጎን ይዞ። «ያም ሰፊዎቹ ይላል፣ ይሄም ሰፊዎቹ ይላል! አንድ ፊደል እንኳ ሳይቀየር ሥራ ይቁም ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«አንብብላቸው። ጮክ ብለህ።»

እርስዎ እየተባባሉ የኖሩበት ዘመን በዚህች ቃል አበቃ። ማኅተም ቀና ብሎ አያት። ካርድ አሞላል ስታስተምረው የነበረችውን ሴት ነው ያየው፤ ያኔም ሲያጭበረብር እንዲሁ ታፈጥበት ነበር። እጁ ማኅተሙ ላይ ቀረ፣ አልተነሳም።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ሴትዮዋ ጻፍ ብላ ነበር፤ እኔ ሳልጽፍላት ቀረሁ። እሱን ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ ሳላውቀው። ዛሬ ግን አውቄዋለሁ፣ አውቄ አልሸከመውም። እኔ የጻፍኩትን ይዞ ማንም ሰው እነዚያ ሰዎች ላይ ማሽን አይነዳም። ምታው።»

መታው። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ስትወጣ ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ጆሮው ቀልቷል። ካሴቱን ለጥቂት ቀን ቢያውሱኝ አላት።

«ይሰማሉ እንጂ አይወስዱም» አለችው። «ወንበር አለ፣ ይውረዱ።»

ሰኞ ጠዋት የክፍል ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው መሰጠቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። እትዬ ካርድ አነበበችው። ከፋት፤ አልከፋኝም ብትል ውሸቷን ነው። ወደ ምድር ቤት ወርዳ መብራቱን አበራች። ሦስት ሰዓት አካባቢ ሹፌሩ ደወለ። ማሽኑን አጥፍቶ ጥላው ሥር ቁርሱን እየበላ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ጉብታዎቹ ጋ የተተከለውን የስም ሰሌዳ አሳይተው ‹ሰሌዳው ይቀየር ወይ?› ብለው ጠይቀውታል።

«አይ፣ ሰሌዳው ልክ ነው» አለችው። «አንባቢው ነው የተሳሳተው።»

ስልኩን እንደዘጋች ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ማኅተም ነበር። ወደዚህ ክፍል ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። ከመጋዘኑ ሰዎች ጋር በስልክ እየተሟገተ ነው፤ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሯል።

«ዘጠና ቀን አልኩህ ጌታዬ! ሰፊዎቹ ጋ ያለው ሥራ ቆሟል... የምን ስፋት? ስፋት አላልኩም! ሰፊዎቹ! ሰፊዎቹ እኮ ነው የምልህ፣ ምነው፣ አፍህን አላላው!»

አላልቶ ነው የተናገረው። ሦስት ጊዜ፣ ሳያስበው። እትዬ ካርድ ከጠረጴዛዋ ቀና አላለችም፤ ፈገግታዋን ለካርዶቹ ሰጠች።

ስልኩን ዘግቶ ላቡን ጠረገ። «አዲሱን ካርድ ልፈርምበት መጣሁ» አለ። አቀበለችው። ስም፦ ሰፊዎቹ፤ ፊ ይላላል። ዓይነት፦ ሰባት ጉብታዎች። የተናገሩት፦ አንዲት እናት፣ ድምፃቸው በካሴት አለ። ማኅተም እስክሪብቶውን አወጣ፣ ከዚያ ቆመ።

«ትርጉሙ ባዶ ነው።»

«ነው።»

«ባዶ አይተውም እኮ፣ እትዬ።»

«ይተዋል» አለችና ካርዱን እስኪፈርም እጇን ዘርግታ ጠበቀችው።

ፈረመ። ካርዱን ተቀብላ ቦታው ላይ አስገባችው፤ ከኋላውም ስለ መርፌ፣ ስለ ክር መበጠሻና ስለ ቋጠሮ የሚያስታውስ ወረቀት ሰካች። ከዚያ መሳቢያውን ዘጋችው።